በተወሰነ ገንዘብ ተገጣጣሚ ቤት የሚሠራልንን ድርጅት እንዴት እንደመረጥን

ተገጣጣሚ ቤት ለማሠራት ስንወስን እኔና ባለቤቴ የያዝነው ገንዘብ ልኩ የታወቀ ነበር፤ ሥራው መሐል ላይ ቢጎድልብን የምንጨምረው ጥሪትም ሆነ የምንበደርበት መንገድ አልነበረንም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንሥቶ ያሳሰበን ጥያቄ «ማን በርካሽ ይሠራልናል?» የሚል ሳይሆን «ዛሬ የሚነገረን ዋጋና ቁልፍ ስንረከብ ከፍለን የምናገኘው ድምር አንድ የሚሆነው ከማን ዘንድ ነው?» የሚል ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ የሚያደርሱት ግን ወደ ተለያየ ድርጅት ነው። ገንዘብ የተረፈው ሰው ባላሰበው ወጪ ቢናደድም ቤቱን ይጨርሳል፤ ገንዘቡ የተቆጠረ ሰው ግን ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሳይለብስ ሊቀርበት ይችላል። ያለፍንበትን በጽሑፍ ያሰፈርኩት እንደ እኛ በተቆጠረ ገንዘብ ለሚነሡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው።

ድርጅት ከመፈለግ በፊት የቤቱን ዓይነት መወሰን ያስፈልጋል፤ ተገጣጣሚ ቤት እየተባሉ የሚሸጡት አሠራራቸው እጅግ የተለያየ ነውና። በሁለት ስስ ላሜራዎች መካከል ፎም ወይም የድንጋይ ሱፍ በተሞላበት ሳንድዊች ፓነል የሚሠራ አለ፤ ከስስ ብረት ተጣጥፎ በተሠራ ማዕቀፍ ላይ ውስጡና ውጪው በሰሌዳ የሚለበጥ አለ፤ በእንጨት ማዕቀፍ የሚቆም አለ፤ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ የደረቀ የኮንክሪት ግድግዳ በክሬን እየተነሣ የሚገጣጠም አለ፤ ክፍሉ ከነመስኮቱና ከነመብራቱ ፋብሪካ ውስጥ አልቆ በመኪና የሚጫንም አለ። አንዱን ዓይነት ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ድርጅት ሌላውንም «እንሠራለን» ማለቱ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ማንም ደጋግሞ ያልሠራውን ነገር በእኛ ገንዘብ እንዲለማመድበት አልፈለግንም። የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴነርን ወደ ቤት መለወጥም አስበን ነበር፤ የተውነው በስፋቱ ምክንያት ነው። የኮንቴነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለቱም ወገን የሙቀት መከላከያና የውስጥ ልባስ ሲጨመርበት ወደ 2.2 ሜትር ይወርዳል። ሁለት ኮንቴነሮችን ጎን ለጎን አጋጥሞ በመካከል ያለውን ግድግዳ መቁረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የኮንቴነር ጥንካሬ ከግድግዳው ጭምር የሚገኝ ስለሆነ የተቆረጠው ሁሉ በተጨማሪ ብረት መደገፍ አለበት፤ ርካሽነቱም እዚያ ላይ ያበቃል። በመጨረሻ የመረጥነው በብረት ማዕቀፍ የሚቆም፣ በሳንድዊች ፓነል የሚለበስና ፎቅ የሌለው ቤት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግነው ነገር ከሁሉም በላይ የጠቀመን ነው። ለድርጅቶች ደውለን «ካሬ ሜትሩን በስንት ትሠራላችሁ?» ከማለት ይልቅ የምንፈልገውን ቤት ራሳችን በጽሑፍ አዘጋጅተን ያንኑ ወረቀት ምንም ሳንለውጥ ለሁሉም ሰጠን። በወረቀቱ ላይ የቤቱን የውስጥ ርዝመትና ስፋት፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለውን ቁመት፣ የበሮችንና የመስኮቶችን ብዛትና መጠን፣ የመብራትና የሶኬት ነጥቦችን፣ የውኃና የፍሳሽ መስመሮችን፣ እንዲሁም ስለ ፓነሉና ስለ ብረቱ ማወቅ የምንፈልገውን ሁሉ አሰፈርን። ከሥሩም ለእያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ዋጋ እንዲሞላልን ባዶ ቦታ ተውን። አንዳንዶቹ ሳይሞሉ አንድ ድምር ብቻ ጽፈው መለሱልን፤ ስንጠይቃቸው «እኛ ዘርዝረን አንሰጥም» አሉን። ዘርዝሮ መስጠት የማይፈልግ ድርጅት ኋላ ላይ «ይህ በዋጋው ውስጥ አልነበረም» ለማለት በሩን ክፍት እያደረገ ነው ብለን ስላመንን እነርሱን ከዝርዝራችን አወጣን። በዚህ ውሳኔ አንድ ጥሩ ሠሪ አምልጦን ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ገንዘቡ የተወሰነበት ሰው በዚህ ነገር ላይ መለሳለስ የለበትም የሚለው ሐሳቤ ዛሬም አልተለወጠም።

በካሬ ሜትር የሚነገር ዋጋ ብቻውን ሲታይ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ካሬው ከየት እስከ የት እንደተለካ አይነገርም። ከውጪ ሲለካ 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ቤት 48 ካሬ ሜትር ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የውስጡ 7.8 በ5.8፣ ማለትም 45.24 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ ወደ 43.89 ካሬ ሜትር ይወርዳል። በረንዳውንና ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣሪያ ጫፍ ጨምሮ የሚቆጥርም አጋጥሞናል። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የካሬ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከትልቅ ቤት የተወሰደ መሆኑ ነው። መታጠቢያ ቤቱና ማብሰያው፣ የውኃ መስመሩና ዋናው የመብራት ሰሌዳ ቤቱ ትንሽ ስለሆነ አይቀንሱም፤ ስለዚህ ትንሽ ቤት በካሬ ሜትር ሲሰላ ከትልቁ ይወደዳል። ይህን ሳናጤን ማስታወቂያ ላይ ያየነውን የካሬ ዋጋ በራሳችን ስፋት ብናባዛው ኖሮ የሚወጣው ድምር ከእውነታው በእጅጉ ያነሰ ይሆን ነበር።

ዋጋዎቹ ሲመጡልን ጎን ለጎን በሰንጠረዥ አሰፈርናቸው፤ ከዋጋው ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ባዶ የቀሩት ቦታዎች ነበሩ። መሠረቱና የወለሉ ኮንክሪት ብዙውን ጊዜ «በደንበኛው» ተብሎ ይታለፋል። ማጓጓዣው፣ ክሬኑ፣ የማራገፊያ ሠራተኛው፣ የሠራተኞቹ ማደሪያና በግንባታው ጊዜ የሚፈጀው መብራትና ውኃ በማን ሒሳብ እንደሆነ ካልተጻፈ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ኮርኒስ፣ የወለል ንጣፍ፣ የውስጥ በሮች፣ የመታጠቢያ ዕቃ፣ የዝናብ ውኃ መቀበያ አሸንዳ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ ከዋናው መስመር እስከ ቤቱ ያለው የመብራትና የውኃ ማገናኛ፣ የፈቃድና የፕላን ወጪ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታዩ ጥቂት ይመስላሉ፤ ሲደመሩ ግን የቤቱን ዋጋ ጉልህ ክፍል ይይዛሉ። ባዶ የቀረውን ሁሉ ከሌላ ባለሙያ ዋጋ እየጠየቅን ስንሞላው በመጀመሪያ እይታ ከሁሉም ርካሽ የነበረው ድርጅት ውድ ብለን ልንተወው ካሰብነው አልፎ ተገኘ። ዕቃው ከሩቅ ፋብሪካ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ፋብሪካው በር ላይ ነው ወይስ የእናንተ ቦታ ድረስ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከውጭ አገር ከሆነ በመካከሉ የባሕር ጭነት፣ ኢንሹራንስ፣ ቀረጥና የወደብ ወጪ አለ። ከያዝነው ገንዘብ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን መጠባበቂያ ለብቻው አስቀምጠን የቀረውን ብቻ እንደ በጀታችን ቆጠርነው፤ ይህንንም ለሻጮች አልነገርንም።

ስለ ዕቃው ጥራት ስንጠይቅ «አንደኛ ደረጃ ነው» የሚል መልስ በብዛት ይሰጠን ነበር። ይህ መልስ የማይለካ ስለሆነ በሚለካ ነገር መጠየቅን ለመድን። የፓነሉ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነው ሲባል ቀጣዩ ጥያቄ ውስጡ ምን እንደሆነ ነው። ነጩ ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪን፣ ርካሹ ነው፤ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ሙቀትን የበለጠ ስለሚከላከል 50 ሚሊ ሜትሩ ወደ 75 ሚሊ ሜትር የሚጠጋውን ነጭ ፎም ሥራ ይሠራል፤ የድንጋይ ሱፍ ደግሞ በሙቀት መከላከል ከነጩ ፎም ጋር ተቀራራቢ ሆኖ የሚከብድና የሚወደድ ነው፤ ነገር ግን አይቀጣጠልም። ነጩ ፎም በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ የድንጋይ ሱፍ እንዲቀልጥ ግን ከ1000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ምድጃ የሚቀመጥበትን ግድግዳና ከጎረቤት የሚዋሰነውን ወገን በድንጋይ ሱፍ፣ የቀረውን በፎም እንዲሆን ጠየቅን፤ በሙሉ በድንጋይ ሱፍ ለማሠራት አቅማችን አይፈቅድም ነበር። የእሳት ምድባቸው በወረቀት የተረጋገጠ ፓነሎችም አሉ፤ በአውሮፓ ደረጃ ምድቡ ከኤ1 እስከ ኤፍ የሚሄድ ሲሆን ኤ1 የማይቀጣጠለው ነው። የምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የፓነል ውፍረትና ዓይነት ለእናንተ ከሚጫነው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ላሜራው ላይ ግን ዓይን በቀላሉ ይታለላል። 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነውንና 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቀለም ተቀብተው ጎን ለጎን ብታዩአቸው ልዩነታቸው አይታወቅም፤ በብረቱ መጠን ግን አንዱ ከሌላው በአምስተኛ ያንሳል። አንድ ካሬ ሜትር የ0.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ 3.9 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን የ0.4ቱ 3.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እኛ ካሊፐር፣ ማለትም ስስ ውፍረት የሚለካበትን መሣሪያ፣ ይዘን እንሄድ ነበር። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ «0.5 ነው» ብሎ የሰጠንን ቁራጭ ባለቤቴ ጠርዙን ይዞ ሲለካው 0.42 አነበበ። ሠራተኛው ጥቂት ዝም ብሎ «ወንድሜ፣ ይህ ናሙና እኮ የቆየ ነው፤ የሚመጣላችሁ ሌላ ነው» አለው። ከዚያ በኋላ በሁሉም ቦታ ውፍረቱ ቀለሙን ጨምሮ ነው ወይስ ያለ ቀለም ብለን እንጠይቅ ጀመር፤ በውሉም ላይ «ቀለምን ሳይጨምር» የሚል አስገባን። የማዕቀፉ ብረት ዝገት መከላከያም እንዲሁ ነው። ዜድ 275 ተብሎ የሚጻፈው በአንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በሁለቱም ገጽ ተደምሮ 275 ግራም ዚንክ አለው ማለት ነው፤ በአንዱ ገጽ ወደ 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ይሆናል። ዜድ 100 ከሆነ ግን ከ7 ማይክሮን ብዙ አይበልጥም። ሁለቱም «ጋልቫናይዝድ» ተብለው ይሸጣሉ፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ግን ዕድሜያቸው አይቀራረብም።

ይህን ሁሉ ከጠየቅን በኋላም ቢሆን ለምርጫችን ዋናውን ክብደት የሰጠነው ለመጋጠሚያዎቹ ነው። ተገጣጣሚ ቤት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ፓነሉ መሐል ላይ ሳይሆን ፓነል ከፓነል፣ ግድግዳ ከወለል፣ ጣሪያ ከግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ይህ በትንሽ ቤት ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት የተባለው ከተገጣጣሚ የኮንክሪት ግድግዳዎች የተሠራ ባለ22 ፎቅ ሕንፃ በ18ኛው ፎቅ ላይ በደረሰ የጋዝ ፍንዳታ አንዱ ማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች ተንዶ 4 ሰዎች ሞተዋል። ምርመራው ያሳየው ግድግዳዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዙበት መንገድ ደካማ መሆኑን ነው፤ አንዱ ፓነል ሲወጣ የላይኛውን የሚይዝ ነገር አልነበረም። በእኛ ቤት ልክ ጉዳዩ የሚታየው በዝናብና በንፋስ ነው። ፓነሎቹ የሚጠላለፉበት ጥርስ ውስጥ ማሸጊያ ጎማ አለ ወይስ ከውጪ ሲሊኮን ብቻ ይቀባል? ጣሪያውን የሚይዙት ብሎኖች ከሥራቸው የጎማ ቀለበት አላቸው? የታችኛው የብረት መቀመጫ ከኮንክሪቱ ጋር በቀጥታ ይነካካል ወይስ በመካከሉ እርጥበት የሚከላከል ነገር አለ? እነዚህን ስንጠይቅ በፎቶግራፍና በንድፍ የመለሱልን ድርጅቶች ጥቂት ነበሩ፤ የመጨረሻው ፉክክርም በእነርሱ መካከል ሆነ።

ማሳያ ቤት ጠቃሚ ነው ብዬ አላምንም። ማሳያው ሁልጊዜ የሚጠገን፣ ሰው የማያበስልበትና የማይታጠብበት ስለሆነ እርጥበት ምን እንደሚያደርግ አያሳይም። በዚህ ፈንታ ከእያንዳንዱ ድርጅት የጠየቅነው ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሰው የኖረበትን ቤት እንዲያሳዩን ነው፤ ከተቻለም ዝናብ በዘነበ ማግስት። ከሁሉም የረዱን አንዲት እናት ናቸው። ሻጩ በር ላይ ቆሞ ስለ ቀለሙ ሲያወራ ባለቤቴ «እማማ፣ ዝናብ ሲበረታ ያፈስሳል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጣሪያውስ አያፈስም ልጄ፤ ይኼ የመስኮቱ ጥግ ነው ያስቸገረኝ። ስደውልላቸው መጡ፣ ደፈኑት፤ እንደገና አፈሰሰ። መስኮቱን ነቅለው ከሥሩ ቆርቆሮ አስገብተው ሲሠሩት ነው የዳነው» አሉት። ወደ ጥጉ ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ከመስኮቱ ደፍ ሥር ወደ ውጪ ዘንበል ተደርጎ የታጠፈ ስስ ላሜራ ገብቷል፤ ጫፉም ከግድግዳው ጥቂት ወጣ ብሎ ውኃው ግድግዳውን ሳይነካ እንዲንጠባጠብ ተደርጓል። ከላይ ካሉት ብሎኖች አንዱ ከመጠን በላይ ስለጠበቀ የጎማ ቀለበቱ ተጨፍልቆ ወጥቷል፤ ከሥሩም ጣት የምታህል የዝገት መስመር ወርዳለች። ይህ ቤት እንከን ነበረበት፤ ነገር ግን ድርጅቱ ተጠርቶ መምጣቱንና ሁለተኛው ጥገና ምክንያቱን ያገኘ መሆኑን ያየነው እዚያው ነው። እንከን የለሽ ቤት ከማየት ይልቅ የተጠገነ እንከን ማየት ስለ ሠሪው የበለጠ ይናገራል። ከሻጩ ተለይታችሁ ከነዋሪው ጋር ጥቂት ደቂቃ ለብቻችሁ የምትነጋገሩበትን መንገድ ፈልጉ።

ፋብሪካውንም ማየት ይገባል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይፈልግም። መታየት ያለበት ዕቃው ከመሬት ተነሥቶና ተሸፍኖ መቀመጡ፣ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር የተጻፈበት መሆኑና የሚያመርተውና የሚገጣጥመው ክፍል አንድ ድርጅት መሆኑ ነው። አንዳንዶቹ ያመርታሉ፤ የሚገጣጥሙት ግን ለዚያ ሥራ ብቻ የተቀጠሩ ሌሎች ናቸው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ውሉ ላይ ለሁለቱም ሥራ ተጠያቂው አንድ ስም መሆን አለበት።

መሠረቱን በሌላ ሰው ማሠራት ብዙ ገንዘብ ይቆጥባል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። አደጋው ወለሉ ሳይስተካከል ከቀረ መሠረት የሠራው ገጣጣሚውን፣ ገጣጣሚው ደግሞ መሠረት የሠራውን መክሰሱ ነው። ይህን ለመዝጋት በውሉ ውስጥ ድርጅቱ ዕቃ ከመጫኑ በፊት ወለሉን ለክቶ በፊርማ እንዲቀበል የሚያስገድድ አንቀጽ አስገባን፤ የብሎኖቹን ቦታ የሚያሳየውንም ንድፍ አስቀድሞ እንዲሰጥ አደረግን። መለካቱ ራሱ ቀላል ነው። 8 በ6 የሆነ ወለል ማዕዘኖቹ ቀጥ ካሉ ከጥግ ወደ ጥግ ሲለካ በሁለቱም አቅጣጫ በትክክል 10 ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ከሌላው ከተለየ ወለሉ ተንጋድዷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፓነሎቹን በግድ ማገናኘት መጋጠሚያዎቹን ይከፍታል። ቤቱ ቀላል በመሆኑ መሠረቱ ርካሽ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ያው ቀላልነቱ ንፋስ ከሥሩ ገብቶ እንዲያነሣው ያመቻል። ስለዚህ ወደ ኮንክሪቱ የሚገቡት ማሠሪያ ብሎኖች ብዛትና ጥልቀት በመሃንዲስ የተሰላ መሆን አለበት። እኛ ለአንድ ገለልተኛ መሃንዲስ ከፍለን ንድፉን አስመረመርን፤ የከፈልነው ከጠቅላላው ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ እርሱ ያስጨመረው የማዕዘን ማጠንከሪያ ብረት ግን በሁለቱ የቀሩ ድርጅቶች ንድፍ ላይ አልነበረም።

የመንገዱ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስበው መኪናው ሲመጣ ነው። ረጅም ፓነል የጫነ መኪና በየት ይታጠፋል፣ ከላይ የተዘረጋ የመብራት ሽቦ አለ ወይ፣ ክሬኑ የት ይቆማል የሚለውን የድርጅቱ ሰው ራሱ መጥቶ እንዲያይ አድርጉ። ክሬን በስሙ የሚጠራበት የማንሣት አቅም ክንዱ ሳይዘረጋ ያለው ነው፤ ራቅ ብሎ ሲያነሣ አቅሙ በፍጥነት ስለሚወርድ ቆሞ የሚሠራበት ቦታ የኪራዩን ዋጋ ይለውጣል። እኛ ፓነል መምረጣችን እዚህ ላይ ጠቀመን፤ አብዛኛውን በሰው ኃይል ማንሣት ተችሏልና።

ክፍያን በተመለከተ አቋማችን አንድ ነበር፤ የከፈልነው ገንዘብ በእጃችን ካለው ዕቃና ሥራ ብዙ ርቆ መሄድ የለበትም። ዋጋው ከሁሉም የተመቸን አንድ ድርጅት ከጠቅላላው አብዛኛውን ውል እንደተፈረመ፣ የቀረውን ከመጫኑ በፊት ጠየቀ፤ የቅድመ ክፍያ የባንክ ዋስትና እንዲያቀርብ ስንጠይቀው «እኛ እንደዚያ አንሠራም» አለን። ተውነው። የመረጥነው ድርጅት በ30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ተስማማ፤ ቀጣዩን ዕቃው ተመርቶ ፋብሪካ ውስጥ ቆጥረንና ለክተን ካየን በኋላ፣ ሌላውን ማዕቀፉ ቆሞ ጣሪያው ሲለብስ፣ ሌላውን በጊዜያዊ ርክክብ ቀን ከፈልን፤ 10 በመቶው ደግሞ ዝናቡ ቤቱን እስኪፈትነው ድረስ በእጃችን ቆየ። አከፋፈሉ የቀን ሳይሆን የሥራ ደረጃ መሆን አለበት፤ «ከ30 ቀን በኋላ» ተብሎ የተጻፈ ክፍያ ሥራው ባይሠራም ይጠየቃልና። ውሉ ላይ ዋጋው የማይለወጥ መሆኑን፣ ተጨማሪ ሥራ ያለ ጽሑፍ ስምምነት እንደማይከፈል፣ መዘግየት ቢኖር በቀን የሚቀነሰውን፣ እንዲሁም ዋስትናው ለማዕቀፉ፣ ለጣሪያውና ለማጠናቀቂያ ሥራው ለየብቻ ለስንት ዓመት እንደሆነ ማስፈር ያስፈልጋል። «ለ10 ዓመት ዋስትና እንሰጣለን» የሚለው ማስታወቂያ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው የላሜራውን ቀለም ብቻ ነው፤ የማፍሰስ ዋስትና ግን ከዚያ እጅግ ያጥራል። የብረት ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የዋጋ ማቅረቢያው እስከ መቼ እንደሚጸናም ማየት አለባችሁ።

እንዲህም ሆኖ ገንዘቡ አልበቃ አለን። እዚህ ላይ ሻጮች የሚያቀርቡት መፍትሔ ዕቃውን ማሳነስ ነው፤ ላሜራውን ከ0.5 ወደ 0.4፣ ፓነሉን ከ7.5 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ማውረድ። እኛ የቀነስነው ቤቱን ነው። አንድ ክፍል አጠበብን፤ የቤቱን ቅርጽ ማጠፊያ የሌለው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አደረግነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ማዕዘን ተጨማሪ መጋጠሚያና ተጨማሪ የጣሪያ ማጠፊያ ነውና። መታጠቢያ ቤቱንና ማብሰያውን በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ አድርገን የውኃውን መስመር አሳጠርን። በረንዳው፣ የግድግዳ ቁም ሣጥኖቹና የወለል ሴራሚኩ ለኋላ ተላለፉ፤ ለጊዜው በተለሰነ ሲሚንቶ ወለል ላይ ኖርን። ወደፊት ክፍል ለመጨመር በአንዱ ጎን ግድግዳ ውስጥ ማዕቀፉ የበር ክፍተት እንዲኖረው አስደረግንና በፓነል ዘጋነው፤ ኋላ ብረት መቁረጥ ሳያስፈልግ ይከፈታል። መሠረቱ፣ ማዕቀፉ፣ ጣሪያው፣ መጋጠሚያዎቹና የመብራት ዝርጋታው ግን እንዳይነኩ ተስማማን። የብረት ቤት በመሆኑ ማዕቀፉ ከመሬት ጋር በሽቦ መያያዝ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ በብረቱ ቀዳዳ ሲያልፉ በፕላስቲክ መከለያ መጠበቅ፣ ዋናው ሰሌዳም ከመስመሩ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ መብራቱን የሚያቋርጥ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። እነዚህን ለማስቀረት የሚቀርብ ቅናሽ ካለ አትቀበሉ። አየር ማስወጫውም እንዲሁ ነው፤ በደንብ የተዘጋ ፓነል ቤት የትንፋሽና የማብሰያ እርጥበት መውጫ ካላገኘ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ጠል ሆኖ ይወርዳል፤ ሰውም ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስለዋል።

በመጨረሻ የተፈራረምነው ያቺ እናት ቤት ከሠራው ድርጅት ጋር ነው። ዋጋው ከቀረቡት ሁሉ ዝቅተኛው አልነበረም፤ ሰንጠረዣችን ላይ ባዶ ቦታ ያልነበረው ግን እርሱ ብቻ ነበር። ግንባታው ከተባለው ጊዜ ጥቂት ዘገየ፤ ዋጋው ግን በጽሑፍ ከጠየቅነው አንድ ተጨማሪ መስኮት በቀር አልተነቃነቀም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል በመታጠቢያ ቤቱ አየር ማስወጫ ቱቦ ዙሪያ ውኃ ገባ። ፎቶግራፍ አንሥተን በጽሑፍ አሳወቅን፤ መጥተው ቱቦው ጣሪያውን የሚበሳበትን የጎማ ማሸጊያ በትልቅ ለወጡት፤ ከዚያ በኋላ የቀጠሉትን ዝናባማ ወራት አይተን ያቆየነውን 10 በመቶ ከፈልን።

በርክክቡ ዕለት ካስረከቡን ነገሮች ውስጥ ዛሬም የምንጠቀምባቸው አሉ። ሽቦና ቧንቧ በየግድግዳው ውስጥ የሚያልፉበትን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ ተቀበልን፤ ፓነሎቹ ከመዘጋታቸው በፊትም እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግተን ፎቶግራፍ አንሥተነዋል፤ አሁን መደርደሪያ ለመስቀል ስንበሳ የምናየው እርሱን ነው። የፓነሉንና የጣሪያውን ላሜራ የቀለም ቁጥር፣ የሚስጥር ያህል የሚታለፈውን የማሸጊያውን ዓይነትና ስም ጭምር አጽፈን ወሰድን። ሁለት ትርፍ የጣሪያ ላሜራዎችና አንድ ከረጢት ብሎን ከነጎማ ቀለበታቸው በዋጋው ውስጥ እንዲካተቱ ውሉ ላይ አስገብተን ነበር፤ ፋብሪካው የላሜራውን ቅርጽ ከለወጠ በኋላ አንድ የተጎዳ ላሜራ የሚገጥም ሌላ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን ይህን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ በዚያ ሰዓት ሻጩ በቀላሉ እሺ ይላል።